የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ለሞተር ቤት የአሉሚኒየም ላሜራ ሥራ

የመኪናን ሞተር ቤት በአሉሚኒየም ላሜራ ስለማሰናዳት የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ብቻ ሰጥተናል። ተቀራራቢዎቹን አዋህደናል፤ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል።

«ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ሞተሩ ወርዶ ሞተር ቤቱ ቀለም ተቀብቷል። ከራዲያተሩ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት፣ የራዲያተሩን የላይኛውን ክፍልና በፓራፋንጎው በኩል ገመዶች የሚያልፉበትን ጎን በአሉሚኒየም ልሸፍን አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ላሜራ፣ በስንት ውፍረት ልግዛ? ሥራውስ ከምን ይጀመራል?» (ከአዲስ አበባ)

ከመግዛትዎ በፊት እያንዳንዱ ፓኔል ምን ሥራ እንደሚሠራ ይወስኑ። ለዓይን ብቻ ተብሎ የሚገባ ፓኔል ሙቀት ያፍናል፣ የመካኒኩን እጅ ይከለክላል፣ ውሎ አድሮም ተነቅሎ ይጣላል። ከጠቀሷቸው ሦስቱ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው የራዲያተሩ የጎን ፓኔል ነው። አየር በጠባቦቹ የራዲያተር ክንፎች መካከል ከመግባት ይልቅ በጎን ባገኘው ክፍተት ማለፍ ይቀለዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠለል አንፃር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ውሃም በክፍት ዕቃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ከፊት የገባው አየር በሙሉ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፍ አለበት። የጎን ፓኔሉ ከራዲያተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ለስላሳ ጎሚኒ ያልብሱት፤ ብረት በራዲያተር ላይ እየተፋተገ ቀስ በቀስ ይበሳዋል።

የላይኛው ፓኔል ከራዲያተሩ ወደ ፊት፣ እስከ ኮፈኑ መቆለፊያ ድረስ ብቻ ይሁን። ወደ ኋላ ቬንትሌተሩ ላይ ከተዘረጋ ሙቅ አየር እንዳይወጣ ይከለክላል። በፓራፋንጎው ጎን በሚገባው ፓኔል ደግሞ የሻንሲ ቁጥር የተመታበትን ቦታና የፋብሪካውን መለያ ሰሌዳ አይሸፍኑ። ለቦሎ ምርመራ በሄዱ ቁጥር ፓኔል መፍታት አይፈልጉም።

አሁን ወደ ላሜራው። ለዚህ ሥራ ተመራጩ 5052 የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ በጥንካሬ ደረጃው ኤች 32 የሆነው ነው። ማግኒዚየም ስላለበት ዝገትን ይቋቋማል፤ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል፤ ይበየዳልም። 3003 ከእሱ ለስለስ ይላል፤ በመዶሻ ለሚቀረጽና ለሚጠማዘዝ ቦታ ይመረጣል። ሻጩ ቁጥሩን ባያውቀው 20 በ100 ሚሜ የሆነ ቁራጭ አስቆርጠው ይፈትኑ። በሞርሳ ይያዙት፣ 90 ዲግሪ አጥፈው የውጭውን ገጽ በደንብ ይመልከቱ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ይተዉት። በጣት ግፊት ብቻ ተጣሞ የሚቀረው ደግሞ ወደ ንጹሕ አሉሚኒየም የቀረበ ስለሆነ ለሰፊ ፓኔል አይሆንም።

ውፍረቱ 1.5 ሚሜ ይሁን። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አሉሚኒየም ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ይለምጣል፤ የ1 ሚሜ ብረትን ግትርነት ለማግኘት 1.44 ሚሜ አሉሚኒየም ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 1 ካሬ ሜትር የ1 ሚሜ ብረት 7.85 ኪሎ ሲሆን የ1.5 ሚሜ አሉሚኒየም ግን 4 ኪሎ ያህል ነው። ከ1 ሚሜ የሳሳ ላሜራ ይንቀጠቀጣል። 2 ሚሜ የሚያስፈልገው ዕቃ ለሚሸከም ደጋፊ ብቻ ነው። ለሦስቱ ፓኔሎችዎ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አንድ ላሜራ ሙከራውን ጨምሮ ይበቃል።

አብዛኛው ጥራት የሚወሰነው ላሜራው ሳይነካ በካርቶን ላይ ነው። ጠንከር ያለ የዕቃ ካርቶን ይጠቀሙ። አንድን ትልቅ ካርቶን እየቆራረጡ ለማስገባት ከመታገል ይልቅ ትናንሽ ቁራጮችን በቦታቸው እያስቀመጡ በፕላስተር ማያያዝ ይቀላል። መነሻዎ ሁልጊዜ አካሉ ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ይሁኑ፤ እነሱ አይንቀሳቀሱም። ሞተሩ ግን በጎሚኒ እግሮቹ ላይ ይወዛወዛል። ስለዚህ ከሞተሩና ከሞተሩ ጋር ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቢያንስ 20 ሚሜ፣ ከቆመ ነገር ደግሞ 10 ሚሜ ይራቁ። የኮፈኑን ርቀት ለማወቅ ካርቶኑ ላይ በአራት በአምስት ቦታ ሊጥ ድብልብል አድርገው ያስቀምጡ፣ ኮፈኑን በቀስታ ዘግተው ይክፈቱ፤ ሊጡ ከ8 ሚሜ በታች የሳሳበት ቦታ ፓኔሉ ዝቅ ማለት አለበት። ሞተሩ ሲመለስ፣ ካርቶኑ በቦታው እንዳለ የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ፣ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፣ የመብራት አምፖል ለመቀየር እጅዎን ያስገቡ። እጅ ካልገባ ካርቶኑን ዛሬውኑ ያርሙት።

ናሙናውን ወደ ላሜራው ሲያዛውሩ የመቁረጫ መስመርን በሹል ብረት መጫር ይቻላል፤ የማጠፊያ መስመርን ግን በፍጹም አይጫሩ። ጭረቱ ሲታጠፍ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ቀጭን ማርከር ይጠቀሙ። እርሳስም ቢሆን ይቅር፤ በውስጡ ያለው ግራፋይት እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላል።

የማጠፊያ ልኬት ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ነው። ከውጭ ሲለካ አንዱ ጎን 100፣ ሌላው 25 ሚሜ የሆነ ፓኔል ከፈለጉ ላሜራውን 125 አድርገው አይቁረጡ፤ ሲታጠፍ ከሚፈልጉት ይተልቃል። 1.5 ሚሜ ላሜራ የውስጥ ክብነቱ (የእጥፋቱ የውስጥ ራዲየስ) 1.5 ሚሜ ሆኖ በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ 2.7 ሚሜ ያህል መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ ጠፍጣፋው 122.3 ሚሜ ይሆናል። ሁለት እጥፋት ካለ 5.4 ይቀነሳል። በእርስዎ ማጠፊያ ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት በትክክል 100 ሚሜ የሆነ ቁራጭ መሃሉ ላይ አጥፈው ሁለቱን ጎኖች ከውጭ ይለኩና ይደምሩ። ድምሩ 102.8 ከመጣ የእርስዎ ቅናሽ 2.8 ነው፤ ማጠፊያውን እስካልቀየሩ ድረስ በእሱው ይሥሩ።

ለመቁረጥ ቀጥታውን በላሜራ መቁረጫ ያስቆርጡ። ኩርባውን ጥርሱ በደቀቀ የማሽን መጋዝ፣ ላሜራውን ከኮምፐርሳቶ ጋር አጣብቀው ይቁረጡት፤ ኮምፐርሳቶ ከሌለ ላሜራው ይርገበገባል፣ ጥርሱም ይነክሰዋል። ከመስመሩ 1 ሚሜ ውጭ ቆርጠው ቀሪውን በሞረድ ያስተካክሉ፤ ሞረዱን አስቀድመው በጠመኔ ካሹት አሉሚኒየም አይሞላውም። ለብረት የተሠራ የግራይንደር ድንጋይ ግን አይጠቀሙ። ለስላሳው አሉሚኒየም ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ ድንጋዩ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ከዚህም ሌላ የአሉሚኒየም ብናኝ በተከማቸበት ቦታ ብረት በግራይንደር መቁረጥ እሳት ያስነሳል፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀላቅሉ።

ሁለት እጥፋቶች በሚገናኙበት በእያንዳንዱ የውስጥ ማዕዘን ላይ ከማጠፍዎ በፊት የ5 ሚሜ ቀዳዳ ይብሱ። ቀዳዳው ከሌለ ማዕዘኑ ይቀደዳል። ማጠፊያ ማሽን ካላገኙ ሁለት የማዕዘን ብረቶች በሞርሳ ውስጥ ይሠራሉ፤ የሚታጠፍበትን ጠርዝ በሞረድ 2 ሚሜ ያህል ያክቡት። በብረት መዶሻ ሳይሆን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ፣ በመሃል እንጨት አስገብተው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ዲግሪ እየጨመሩ በሦስት አራት ዙር ይታጠፍ። አንዱን ጫፍ ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ላሜራው ይጠማዘዛል። ሲለቁት ጥቂት ስለሚመለስ እስከ 93 ዲግሪ ያሳልፉት። በነፃ የሚቀረውን ጠርዝ ሁሉ 12 ሚሜ ያህል ማጠፍ ይጠቅማል፤ ፓኔሉን ያደነድናል፣ እጅም አይቆርጥም።

የመያዣ ቀዳዳዎችን ከታጠፈ በኋላ፣ በቦታው ላይ አስቀምጠው ምልክት በማድረግ ይብሱ። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ 1 ሜትር ፓኔል በ80 ዲግሪ ጭማሪ 1.9 ሚሜ ይረዝማል። ስለዚህ ለ6 ሚሜ ቡሎን አንድ ቀዳዳ ብቻ በ6.5 ሚሜ ይሁን፤ ሌሎቹ 7 በ11 ሚሜ ሞላላ ይሁኑ። ሁሉም ጠባብ ከሆኑ ፓኔሉ ሲሞቅ መሃሉ ይነፋል።

«አሉሚኒየሙ ስናጥፈው በውጭ በኩል ይሰነጠቃል። ቀስ ብለን ብናጥፈውም ያው ነው። ምን እናድርግ?» (ከሐዋሳ፣ የባትላሜራ ባለሙያ)

ፍጥነቱ አይደለም። ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

አንደኛ፣ ላሜራው 6061-ቲ6 ሊሆን ይችላል። ይህ ጠንካራ ነው፤ ግን የውስጥ ክብነቱ ከውፍረቱ ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ለ1.5 ሚሜ ላሜራ ከ4.5 እስከ 6 ሚሜ ክብነት ማለት ነው። ማጠፊያው ጠርዝ ላይ የሚፈለገውን ክብነት ያለው ቧንቧ ወይም የከበበ ብረት አጣብቆ ማጠፍ ይቻላል። ሁለተኛ፣ አቅጣጫ። በላሜራው ገጽ ላይ ወደ አንድ ወገን የሚሄዱ ደቃቅ መስመሮች አሉ፤ ፋብሪካ ውስጥ የተዳመጠበት አቅጣጫ ነው። የማጠፊያው መስመር እነዚህን አቋርጦ መሄድ አለበት። ከእነሱ ጋር ትይዩ ከሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ የተጫረ ወይም ጠርዙ ያልተሞረደ ላሜራ፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ ይነሳል።

ጠባብ እጥፋት የግድ ከሆነ መስመሩን ማለስለስ ይቻላል። ማጠፊያው ቦታ ላይ ደረቅ የልብስ ሳሙና ይቀቡ፤ እሳቱን በጀርባው በኩል፣ ችቦውን ሳያቆሙ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ይስጡት። ሳሙናው ጥቁር ቡናማ ሲሆን ያቁሙ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ መልኩ ሳይለወጥ በድንገት ይቀልጥና ይወድቃል። ሳሙናው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ያለሰለሱት ቦታ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ቡሎን የሚያርፍበትን ቦታ አያሙቁት። አንዴ የታጠፈን መስመር ዘርግቶ እንደገና ማጠፍም አይገባም፤ ሳይታይ የተጀመረ ስንጥቅ በሞተር ንዝረት ያድጋል።

«የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለአሮጌ መኪናዬ 16 ጌጅ አሉሚኒየም ገዝቼ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በሙሉ ቆርጬ በአሉሚኒየም ልተካው ነው። የሚያሳስበኝ ነገር አለ?» (ከአሜሪካ)

አዎ፤ አይቁረጡት። ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሰው የተቀመጠበትን ክፍል ከእሳት የሚለይ ነው። ብረት የሚቀልጠው ከ1,400 ዲግሪ በላይ ነው። የአሉሚኒየም ላሜራ በ580 እና በ660 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ከ200 ዲግሪ ጀምሮም ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል። የቤንዚን እሳት ይህን በቀላሉ ያልፋል። በብዙ መኪኖች ግድግዳው የአካሉ ጥንካሬ አካል ስለሆነ ቢቆረጥ በሩና የፊት መስታወቱም ይነካሉ።

ከአሮጌው ሞተር የቀሩ ቀዳዳዎችን በ1 ሚሜ ብረት ላሜራ በይደው ይዝጉ። ገመድ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ ቀለበት ይግባ። ከዚያ በኋላ ለመልክና ለሙቀት ሲሉ በብረቱ ላይ የአሉሚኒየም ፓኔል መደረብ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ከ6 እስከ 10 ሚሜ የአየር ክፍተት ይተዉ። ክፍተቱ ራሱ ከሙቀት ይከላከላል፤ የተጣበቁ ሁለት ላሜራዎች ግን ሙቀት ያስተላልፋሉ፣ ውሃም ይይዛሉ።

ስለ ጌጁ (የላሜራ ውፍረት መለያ ቁጥር)፦ የአሉሚኒየምና የብረት ጌጅ አንድ አይደለም። 16 ጌጅ ብረት 1.52 ሚሜ ሲሆን 16 ጌጅ አሉሚኒየም ግን 1.29 ሚሜ ነው። ከዚህ በኋላ ሲገዙ ጌጅ ሳይሆን ውፍረቱን ይጥቀሱ፤ 0.063 ኢንች ማለት 1.6 ሚሜ ነው፣ ለእርስዎም የሚስማማው እሱ ነው። እዚያ ዕቃ ቤቶች 6061ም ስለሚሸጡ 5052-ኤች 32 ብለው በስሙ ይጠይቁ።

«ቮልስ አለኝ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የዛጉ ላሜራዎች በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ተተክተዋል። ያምራል፤ ግን ዳገት ላይ ከበፊቱ ይልቅ በጣም ይሞቃል። አሉሚኒየም ሙቀት ይይዛል እንዴ?» (ከቢሾፍቱ)

ጥፋቱ የአሉሚኒየሙ ሳይሆን የክፍተቱ ነው። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ በዙሪያው ያሉት ላሜራዎች ጌጥ አይደሉም፤ የማቀዝቀዣው ግማሽ ናቸው። ቬንትሌተሩ ከላይኛው የሞተር ቤት ቀዝቃዛ አየር ስቦ በሲሊንደሮቹ ክንፎች ላይ ያሳልፈዋል፤ የሞቀው አየር ከሞተሩ በታች ይወጣል። ላይኛውን ከታችኛው የሚለዩት እነዚህ ላሜራዎችና በዙሪያቸው ያለው ጎሚኒ ናቸው። በየትኛውም ቦታ ክፍተት ካለ ቬንትሌተሩ ከታች፣ በጭስ ማውጫው የሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። ዳገት ላይ ቬንትሌተሩ አጥብቆ ስለሚስብና መኪናው ቀስ ስለሚል ችግሩ ጎልቶ ይታያል።

በእጅ ባትሪ እንዲህ ያረጋግጡ፦ ማታ መብራቱን ከሞተሩ ሥር አስቀምጠው ከላይ ይመልከቱ። ብርሃን የታየበት ቦታ ሁሉ ይደፈን። በተለይ እነዚህን ይፈትሹ። በአካሉ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ሁለት ከንፈር አለው፤ ላሜራው በሁለቱ መካከል መግባት አለበት። አሉሚኒየሙ ልኩ አጥሮ ጎሚኒውን ጠርዙ ላይ ብቻ ከነካው አይዘጋም፤ አብዛኛው በእጅ የተሠራ ፓኔል የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፓኔሉን ጎሚኒው ውስጥ ቢያንስ 8 ሚሜ እንዲገባ አድርገው እንደገና ይሥሩት። የካንዴላ ገመዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ክብ ጎሚኒዎችም የሲሊንደሩን ሽፋን ቀዳዳ የሚደፍኑ ናቸው፤ ከጎደሉ ወይም ከደረቁ ይቀይሯቸው። ወደ ሙቀት መስጫው የሚሄዱት ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ተነቅለው ከሆነ በቬንትሌተሩ ሽፋን ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች በክዳን ይዝጉ፤ ካልተዘጉ ለሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር በከንቱ ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ እንለምናለን። ከሲሊንደሮቹ ሥርና በመካከላቸው የሚገቡትን ትናንሽ ላሜራዎች በጠፍጣፋ አሉሚኒየም አይተኩ። ኩርባቸው አየሩ ክንፎቹን አቅፎ እንዲዞር የሚያደርግ ነው። ዝገው ከሆነ አጽድተው ሙቀት የሚችል ቀለም ይቀቧቸው፤ ካለቀባቸው ያንኑ ቅርጽ ያለው የብረት ላሜራ ይፈልጉላቸው።

«ፓኔሎቹ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንጫጫሉ። መሃሉን ስጫነው ደግሞ ቷ ብሎ ይገለበጣል። ቡሎን ብጨምር ይሻላል?» (ከአዳማ)

ቡሎን መጨመር ጠርዙን ያጠብቀዋል፤ መሃሉ ግን ያው ነው። ጠፍጣፋ ሰፊ ላሜራ ቅርጽ ይፈልጋል። የቦይ ማሽን ካለ ወርዱ 10 ሚሜ፣ ጥልቀቱ ከ3 እስከ 4 ሚሜ የሆነ ቦይ ያውጡበት፤ ጫፎቹ ከፓኔሉ ጠርዝ 25 ሚሜ ያህል ርቀው ይቁሙ። ቦይ ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ወደ ራሱ ስለሚስብ ፓኔሉ ይጠባል፣ ጠርዙም ይሰበሰባል። ስለዚህ ላሜራውን በየጎኑ 5 ሚሜ አስተርፈው ቆርጠው መጀመሪያ ቦዩን ያውጡ፤ ከዚያ ልኩን ይቁረጡ፣ መጨረሻ ላይ ጠርዙን ይጠፉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ተስተካክሎ አይወጣም።

ማሽን ከሌለ ከጀርባው 15 በ15 ሚሜ የሆነ የማዕዘን አሉሚኒየም በ3.2 ሚሜ ሪቬት ይያዝ። ቀዳዳው 3.3 ሚሜ፣ ከጠርዝ ርቀቱ ቢያንስ የሪቬቱ ውፍረት እጥፍ፣ ማለትም 6.5 ሚሜ፣ በመካከላቸው ደግሞ 50 ሚሜ ያህል ይሁን። የተሠራው ፓኔል ላይ ይህ በግማሽ ቀን ያልቃል። ለመያዣው ከፓኔሉ ሥር ጎሚኒ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ብረት ለብረት ከተገናኘ ድምፁ አይጠፋም።

«በአርጎን ሊበይድልኝ የሞከረው ባለሙያ ላሜራውን እያቀለጠ ቀዳዳ አደረገው። ማሽኑ ችግር አለበት?» (ከባሕር ዳር)

ማሽኑ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ማውጣት የሚችል መሆኑን ይጠይቁ። ብዙዎቹ ትናንሽ የአርጎን ማሽኖች ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ብቻ ናቸው፤ ለብረትና ለኢኖክስ (የማይዝግ ብረት) እንጂ ለአሉሚኒየም አይሆኑም። በአሉሚኒየም ላይ ያለው የኦክሳይድ ንብርብር የሚቀልጠው በ2,000 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ገጹ ሳይቀልጥ ውስጡ ይፈሳል። ያንን ንብርብር የሚሰብረው የኤሲው ተገላባጭ ጅረት ነው። ለ1.5 ሚሜ ላሜራ 60 አምፔር አካባቢ መነሻ ነው። ለ5052 የብየዳ መሙያ ዘንጉ 5356፣ ለ6061 ደግሞ 4043 ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱ 1.6 ሚሜ። ቦታውን በአሴቶን ጠርገው ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የኢኖክስ ብሩሽ ይፈግፍጉ።

የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ግን ብየዳ አጠገብ አይድረስ። ክሎሪን ያለበት ከሆነ በብየዳው ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይሆናል።

አብዛኛው የሞተር ቤት ፓኔል ብየዳ አይፈልግም። ማዕዘኖቹን በእጥፋት አደራርቦ በሪቬት መያዝ ይበቃል፤ ላሜራውም አይጣመምም።

«በቡሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ላሜራውም እየተቦረቦረ ነው። የገዛሁት ጥራት የሌለው አሉሚኒየም ነው?» (ከዱባይ)

ላሜራውን አይጠርጥሩ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨዋማ እርጥበት ሲነካቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የባሕር ዳርቻ አየር ይህን ያፋጥነዋል። ቡሎኖቹን ይፍቱ፣ ነጩን በብርጭቆ ወረቀት ያስለቅቁ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ፕራይመር ይቀቡ። ሲመልሱ በቡሎኑ ራስና በፓኔሉ መካከል ናይለን ሮንዴላ፣ በፓኔሉና በአካሉ መካከል ጎሚኒ ይግባ፤ ጥርሱን ግሪስ ይቀቡት። የመዳብ ሮንዴላ ከሁሉም የከፋ ነው። በሰፊ የብረት አካል ላይ ትናንሽ የአሉሚኒየም ሪቬቶች መጠቀምም አይመከርም፤ ትልቁ ብረት ትንሿን አሉሚኒየም ቶሎ ይጨርሳታል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ፓኔሉ ባትሪው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ የፖዘቲቩ ራስ በጎሚኒ ይሸፈን። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው፤ ፓኔል ሲያወጡና ሲያስገቡ ቢነካው ብልጭታው እጅ ያቃጥላል።

«ፓኔሉ ከጭስ ማኒፎልዱ አጠገብ ያልፋል። ጥቁር ልቀባው ወይስ እንዲያብረቀርቅ ልተወው? በምንስ ይታጠባል?» (ከድሬዳዋ)

ወደ ማኒፎልዱ የዞረው ገጽ የሚያብረቀርቅ ይሁን። የተወለወለ አሉሚኒየም የሚደርሰውን የጨረር ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ ጥቁር ቀለም ደግሞ ያንኑ ያህል ይውጣል። ወደ ገመዶቹ የዞረውን ገጽ ግን የፈለጉትን ቀለም ይቀቡት። ከማኒፎልዱ ያለው ርቀት ከ50 ሚሜ ካነሰ አንድ ላሜራ አይበቃም፤ ሁለቱን በ8 ሚሜ ክፍተት ደርበው በብረት ቡሺንግ ያራርቋቸው። ናይለን ሮንዴላ እዚህ ቦታ ስለሚቀልጥ አይሆንም።

ለመቀባት ከሆነ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ካሹ በኋላ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር በዚያው ቀን ይቀቡ። በባዶ አሉሚኒየም ላይ የተቀባ ተራ ቀለም ተገሽልጦ ይነሳል።

ለማጠብ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። ምድጃ ማጽጃና ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የሞተር ማጠቢያ አሉሚኒየምን ያጠቁራል፤ በረኪናም ገጹን ይቦረቡራል። ሞተር ለማሳጠብ ሲወስዱ ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚረጭ ቀድመው ይጠይቁ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ ፓኔሎቹን ፈትተው መኪናውን ብቻ ያስረክቡ።